ፈላና በር የተባለው ኮፒ ማሽን

ነስሮ ዓብዱላሂ የቢሮ ኮፒ ማሽኖችን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኛል። ሐረር ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሌሎችም አሉ። አብዛኞቹ ግን ወረቀት የነከሰ ማሽን ከፍተው ያጸዳሉ፣ ቶነር ይሞላሉ፣ ያለቀ ሮለር ይቀይራሉ፤ ከዚያ አያልፉም። ነስሮ የሚጠራው ማሽኑም ኮምፒውተሩም ደህና ሆነው ሁለቱ አልግባባ ሲሉ ነው። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ኮምፒውተሩ የጻፈውን ለማሽኑ በሚገባው ቋንቋ የሚያስተላልፍ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለአንድ ማሽን ሦስትም አራትም ዓይነት ይኖረዋል። አንዱ ፈጣን ነው፤ የአማርኛውን ፊደል ግን ባዶ ሳጥን ያደርገዋል። ሌላው ፊደሉን አጥርቶ ያወጣል፤ ግን አንድ ገጽ ለማተም ያንቀላፋል። ለሁሉም ማሽን ይሆናል ተብሎ የተሠራም አለ፤ እሱ ለየትኛውም በደንብ አይሆንም። የቱን ለየትኛው ቢሮ እንደሚጭን መምረጥ የነስሮ እንጀራ ነው።

በልጅነቱ አጎቱ የጽሕፈት መኪና ይጠግኑ ነበርና እዚያ ተቀምጦ የመኪናውን ጥቃቅን ክፍሎች መፍታትና መግጠም ተማረ። የጽሕፈት መኪናው ዘመን ሲያልፍ ድሬዳዋ ወርዶ ያገለገሉ ኮፒ ማሽኖችን ከሚያስመጣ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ። ማሽኖቹ የሚመጡት ከዱባይና ከጅዳ ስለነበር ስክሪናቸው ላይ የሚያወጡት ጽሑፍ አረብኛ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ቋንቋው ወደ እንግሊዝኛ የሚመለስበትን ቦታ ፍለጋ ሲደናበሩ ነስሮ እንዳለ ያነበው ነበር። ፊደሉን ያገኘው ጀጎል ውስጥ ከቁርአን ቤት ነው፣ ትርጉሙን ደግሞ ከጅዳ ከተመለሱ ዘመዶቹ። ወደ ሐረር ሲመለስ ይህን ልማድ ይዞ መጣ። ዛሬም ማሽን ሲያስረክብ ስክሪኑን በአረብኛ እንዳለ ይተወዋል። የቢሮ ሰው ሁሉ እየገባ እንዳይነካካው ከዚህ የተሻለ ቁልፍ የለም ይላል።

ሌላው ልማዱ ስም ማውጣት ነው። ፋብሪካው ለማሽኑ የሚሰጠው ስም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ስለሆነ ሠራተኛው አይይዘውም። ለማተም ሲፈልግ ኮምፒውተሩ ከሚዘረዝርለት ውስጥ ያገኘውን ይጫናል፤ ወረቀቱም ሌላ ክፍል ይወጣል። ስለዚህ ነስሮ ማሽኖቹን በጀጎል በሮች ይሰይማቸዋል። በምሥራቅ በኩል ባለው ክፍል ያለውን ኤረር በር ይለዋል፣ በሰሜን ያለውን ፈላና በር፣ በምዕራብ ያለውን ሸዋ በር። ሐረር ያደገ ሰው የትኛው በር በየት በኩል እንደሆነ አይጠፋውም። አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም ማሽኗ ቡዳ በር መባሉን አይታ፣ አቦ ይህን ስም ከላዬ አንሳልኝ አለችው። በድሪ በር ብሎ ለወጠላት። የዚያው በር ሌላ ስሙ ነው፤ እሷም ታውቃለች፤ ግን ተስማማት።

ከሚያገለግላቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ ከግንቡ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ ያለ የጤና ኮሌጅ ነበር። ልጁ ሂክማ እዚያ ነርስነት ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። በኮሌጁ ሁለት ማሽኖች ከሌሎቹ ይበልጥ ይሠራሉ። አንደኛው በሰሜን በኩል ባለው የፈተና ክፍል የነበረው ፈላና በር ነው። ክፍሉን የሚመሩት ወይዘሮ ብርነሽ የክፍሉን ቁልፍ በክር አስረው በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። ከእጃቸው ፈተና ሾልኮ አያውቅም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ማሽን በምሥራቅ በኩል በተማሪዎች ኮፒ ቤት የነበረው ኤረር በር ነው። እዚያ በለጡ የምትባል ሴት ቀኑን ሙሉ ለተማሪዎች ማስታወሻ ታባዛለች። በለጡ የተበላሸ ወረቀት አትጥልም። ጀርባው ባዶ የሆነውን በካርቶን እያጠራቀመች ለሂክማ ትሰጣታለች። ሂክማ የምታጠናውን ደጋግማ ካልጻፈችው አይያዝላትም፤ ደብተርም አይበቃትም። በለጡን እንዲህ እንድታደርግላት የለመናት ነስሮ ራሱ ነው።

የማጠቃለያው ፈተና ሰኞ ሊጀመር ሐሙስ ዕለት ነስሮ ወደ ኮሌጁ ተጠራ። ወይዘሮ ብርነሽ፣ የክፍላቸው ማሽን አርጅቷል፣ ይህን ሁሉ ፈተና አባዝቶ አይዘልቅም ብለው ለዲኑ አመልክተው ነበር። ዲኑ ብርቱው የኮፒ ቤት ማሽን ወደ ፈተና ክፍል እንዲዛወር፣ አሮጌው ወደ ኮፒ ቤት እንዲወርድ አዘዘ። ጥበቃዎቹ ማሽኖቹን እየገፉ አለዋወጧቸው። ነስሮ ገመዳቸውን ቀጠለ፤ በየኮምፒውተሩም የሁለቱን ድራይቨር ከፍላሽ በአዲስ ተካ። ስማቸውን ግን አልነካም። ለእሱ ስሙ የማሽኑ ነው። ማሽኑ የኔትወርክ አድራሻውን ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢቀመጥ ያው ነው። ስለዚህ ኤረር በር አሁን ሰሜን ክፍል ተቀምጧል፣ ፈላና በር ደግሞ ምሥራቅ ክፍል።

ከወይዘሮ ብርነሽ ኮምፒውተር ላይ ፈላና በርን ሊሰርዘው አስቦ ነበር፤ ከእንግዲህ አይጠቀሙበትምና። እንደሚሰርዘው ስላወቀም የወረቀቱን ልክ አላስተካከለለትም። አዲስ የተጫነ ድራይቨር የሚመጣው ሌተር በሚባለው የአሜሪካ ወረቀት ልክ ነው። እኛ አገር ያለው ከእሱ ረዘም የሚለው ኤ ፎር ስለሆነ ልኩ በእጅ መለወጥ አለበት። ነስሮ የኤረር በርን ለወጠ፤ ፈላና በርን ሊሰርዝ እጁ ማውሱ ላይ እያለ መብራት ጠፋ። ሲጠብቅ የከሰዓቱ፣ የዐስር ሰላት ደረሰ። ወይዘሮ ብርነሽ ነገ ጠዋት ማተም እንደሚጀምሩ ነግረውት በአዲሱ ማሽን የሚማሩት አዲስ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። ምንም የለም፣ ያው እንደ ድሮው ነው ብሏቸው ወጣ።

ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ ገና ጫማውን ሲያጠልቅ በለጡ ደወለች። ማሽኑ ቆሟል፣ ተማሪው በር ላይ ተኮልኩሏል፣ ቶሎ ድረስ አለችው። ባጃጅ ይዞ ሄደ። ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ማስታወሻቸውን የታቀፉ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ሰኞ ስለሚፈተኑ ማንም የሚቀልድ አልነበረም።

«ምን አምጥተህ ነው የጫንክብኝ?» አለችው በለጡ። «ያኛውን ወስደህ ይህን ሽማግሌ ሰጠኸኝ። አንዲት ወረቀት ተፋና ከዚያ ወዲህ ሲጮህ ነው የዋለው።»

ነስሮ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አነበበ። የታዘዘው ልክ ወረቀት የለም፤ ሌተር ያስገቡ፣ ወይም ባለው ለመቀጠል አረንጓዴውን ይጫኑ ይላል። ከሥሩ የሥራው ርእስ አለ። ርእሱ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ማሽኑ የባዶ ሳጥን ረድፍ አድርጎታል። ከርእሱ ቀጥሎ የላኪው ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ ብርነሽ ይላል። ማሽኑ የወረቀቱን ልክ የሚያውቀው የመጀመሪያዋ ካለፈች በኋላ ስለሆነ አንደኛው ገጽ ወጥቷል፤ የቀሩት ይጠብቃሉ።

ወዲያው ገባው። ወይዘሮ ብርነሽ ለማተም ሲፈልጉ ዝርዝሩን ከፍተው እንደ ሁልጊዜው ፈላና በርን ተጭነዋል። ክፍላቸው በፈላና በር በኩል ነው። ሐረር ተወልዶ ላደገ ሰው በር ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ቦታ አይሄድም። ፈተናው የወጣው እዚህ፣ ተማሪው በተሰለፈበት ክፍል ነው። ያልተስተካከለው የወረቀት ልክ ባያግደው ኖሮ ሁሉም ገጽ ተዘርግፎ ነበር። አሁንም ሙሉው ፈተና ማሽኑ ውስጥ አለ፤ ማንም አረንጓዴውን ቢጫን ይወጣል።

ስክሪኑን በትከሻው ከልሎ ሥራውን ሰረዘው። ማሽኑ ለመሰረዝ ጊዜ ወሰደ። ከኋላው አንድ ተማሪ ሌላ ቦታ ብንሄድ ይሻላል ሲል ሰማ። ስክሪኑ ባዶ ሲሆን የበለጡን ኮምፒውተር አስተካክሎ አንድ ገጽ አወጣላትና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ የወጣችው ወረቀት የት እንዳለች ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ግርጌዋ የተቆረጠችው? ትናንት ከሞከርከው የቀረች መስሎኝ አላየኋትም፣ ካርቶኑ ውስጥ ጣልኳት።»

ካርቶኑ ባዶ ነበር።

«ልጅህ ቅድም መጥታ ጠራርጋ ወሰደችዋ። ምነው? አስቀምጪላት ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ምንም አይደለም ብሏት ወጣ።

ሂክማ ጋ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ስታጠና እንደምትዘጋው ያውቃል፤ ያም ሆኖ ደጋግሞ ደወለ። ፈላና በር ድረስ በባጃጅ ሄዶ ከዚያ በእግሩ ወደ ውስጥ ገባ። ጠባቧ መንገድ ላይ ጫት የተሸከሙ ሴቶች ሲመጡ ለማሳለፍ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። በቆመ ቁጥር ነገሩን እንደገና ይደረድረዋል። በለጡ ምንም አታውቅም። ወይዘሮ ብርነሽ ማሽኑ እምቢ ያለ ነው የሚመስላቸው። ሥራው ተሰርዟል። የቀረው አንድ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ይቀደዳል። እስከዚህ ድረስ ይረጋጋል። ከዚያ ሂክማ የምታጠናው ከጓደኞቿ ጋር ቢሆንስ ይላል። አንዷ በስልኳ ፎቶ ብታነሣውስ? ነገ በከተማው የተማሪ ስልክ ሁሉ ላይ ቢዞር የመጀመሪያው ጥያቄ ከየት ወጣ ነው፤ መልሱም የቴክኒሻኑ ልጅ ይሆናል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ፈተና ይዛ ብትገኝ ኮሌጁ ምን እንደሚያደርጋት መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ እሱ ራሱ ነው ሲለጠፍ አትሞ የሰጣቸው።

ቤቱ ዝም ብሏል። ሚስቱ ሰሚራ ከአፎቻዋ፣ ከዕድሯ ሴቶች ጋር ለቅሶ ቤት ሄዳለች። ሂክማ ከላይኛው መደብ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። ብቻዋን መሆኗን ሲያይ አልሐምዱሊላህ አለ። ከበለጡ ያመጣችውን ወረቀት እንድትሰጠው ጠየቃት።

«ለምን?» አለች። ግን ለምን ያለችበት ድምፅ ጥያቄ አልነበረም።

ክምሩን አንሥቶ አንድ በአንድ አገላበጠ። የማስታወሻ ቅጂ ነው፣ የደበዘዘ ሥዕል ነው፣ ሁለቴ የታተመ ገጽ ነው። የሚፈልገው የለም። ቀና ሲል ጉልበቷ ላይ ያለችውን ወረቀት በመዳፏ ተጭናታለች። እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው። ጀርባው የመድኃኒት ስምና መጠን በጥቃቅን ጽሑፍ ተሞልቷል። ገለበጠው። የኮሌጁ ስም፣ የትምህርቱ ስም፣ የዘንድሮው ዓመተ ምሕረት፣ ከዚያ ጥያቄዎቹ። የመጨረሻው ጥያቄ መሀል ላይ ተቆርጧል። ሳያነበው መልሶ ገለበጠው።

«አየሽው?»

«የዓምና መስሎኝ ነበር። አባ፣ ወላሂ የዓምና ነው የመሰለኝ። ሁለቱን ሠራኋቸው። ከዚያ ዓመቱን አየሁት።»

«ከዚያስ?»

«አነበብኩት። እስከ ታች። ከዚያ ገልብጬ እንዳላየው ጀርባው ላይ ጻፍኩ።»

ለማን እንዳሳየች ጠየቃት። ለማንም አላሳየችም። ጓደኛዋ ዮዲ ጋ ልትደውል ስልኩን አንሥታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችውና ዘጋችው። ነስሮ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሂክማ ነገሩን ከእሱ ቀድማ አስባበት ነበርና በፍጥነት ትናገር ጀመር። ወረቀቱን እንቅደደው አለች። ከእነሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷ ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች ፈተናው ላይ ስታገኛቸው ሳትመልስ ትተዋቸዋለች፤ ባዶ ትተዋቸዋለች፤ ያን ያህል ነጥብ ቢጎድልባትም በሌላው ታልፋለች። እንዲህ ካደረገች የሰረቀችው ነገር የለም። ከነገራቸው ግን ያባርሯታል፤ ሦስት ዓመት ለፍታ ልትጨርስ ሳምንት ሲቀራት ያባርሯታል።

ነስሮ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው። ለአራት አጠፈው። ልጁ እጁን ታያለች።

ስልኩ ጠራ። ወይዘሮ ብርነሽ ናቸው። ድምፃቸው የተሰላቸ እንጂ የተቆጣ አልነበረም። ከምሳ በፊት ቢልኩ አልወጣም፤ ከምሳ በኋላ የጥበቃውን ልጅ ጠርተው ማሽኑን ቢያስነኩት እሱም አልቻለም። አዲሱ ማሽንህ ከእኔ ጋር አልተዋወቀም አሉ። ከዚያ «አሁን ደግሜ ልልከው ነው፤ እስቲ አንተ መስመር ላይ ሆነህ እየው» አሉት።

ማሽኑ አሁን ነፃ ነው፤ ቢልኩ ቢያንስ አንደኛው ገጽ እንደገና ይወጣል። ኮፒ ቤቱ ክፍት ነው፤ ተማሪዎቹም እዚያው ናቸው።

«አይላኩ» አለ ነስሮ።

«ምነው?»

«እትዬ፣ እጅዎን ያንሡ። የሚወጣው ኮፒ ቤት ነው። አሮጌው ማሽን ስሙን ይዞ ነው የሄደው፤ ከኮምፒውተርዎ ላይ ሳልሰርዘው ነው የወጣሁት። የቅድሙም የሄደው እዚያ ነው።»

ነስሮ የወንበር መንቀሳቀስ ሰማ።

«ወጣ?»

«አንድ ገጽ።»

«ማን አየው?»

ሂክማ ከመደቡ ላይ ተነሥታ ቆማለች። ራሷን እየነቀነቀች ነው።

«ልጄ» አለ።

ወይዘሮ ብርነሽ ሁለቱም ወረቀቱን ይዘው አሁኑኑ እንዲመጡ ነገሩት። ሂክማ ሻርፗን ተከናንባ ቀድማው ወጣች፤ እስከ ኮሌጁ ድረስ አላናገረችውም። ወይዘሮ ብርነሽ ከኮምፒውተራቸው ፊት አልነበሩም፤ መስኮቱ ዘንድ ቆመው ነበር። የታጠፈውን ወረቀት ተቀብለው ፊቱን አዩ፣ ጀርባውን የሂክማን ጽሑፍ አዩ፤ መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ልጅቷን የትኞቹን እንደሠራች ጠየቋት። ነገረቻቸው። ሌሎቹንስ ሲሏት አነበብኳቸው፣ አልሠራኋቸውም አለች። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። ወደ ነስሮ ዞሩ።

«ያው እንደ ድሮው ነው አልከኝ» አሉት።

«ብያለሁ፣ እትዬ።»

ሌላ አልጨመሩም። እሱ መሰደብ ይሻለው ነበር።

ቅዳሜ ዲኑ፣ ፈተናውን ያወጣው መምህርና ወይዘሮ ብርነሽ ተቀምጠው ነስሮን ጠየቁት። የጠየቁት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ መልሱ ግን ከአፉ ሲወጣ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለው ጀመር። ማሽኑ ሲዛወር ስሙን ለምን አልለወጥክም? አሠራሩ ነው። ከፈተና ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ለምን አልሰረዝከውም? መብራት ጠፋ። የማሽኑ ስክሪን ለምን በአረብኛ ነው? ሰው እንዳይነካካው። ስለዚህ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ምን እንደሚል ማንበብ የሚችል ሰው አንተ ብቻ ነህ? አዎ። የተበላሸ ወረቀት ለአንተ ልጅ ብቻ እንዲሰጥ ያደረገው ማን ነው? እኔ ነኝ። መምህሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንዲህ አቀናብሮ ሊሰርቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተለየ ምን ያደርግ ነበር ሲል ዲኑን ጠየቀ።

ወይዘሮ ብርነሽ፣ ሊሰርቅ የፈለገ ሰው በስልክ አይናገርም አሉ። መምህሩ ግን መልስ ነበረው። የተናገረው እርስዎ እንደገና ሊልኩ ሲሉ ነው፤ ያኔ ከኮፒ ቤት ስለሚወጣ መታወቁ አይቀርም ነበር አለ። ነስሮ ይህን ሲሰማ ለመቃወም አፉን ከፈተና ተወው። ስልኩ ባይጠራ ኖሮ ለአራት ያጠፋውን ወረቀት ምን ያደርገው እንደነበር አያውቅም። ሌሊቱን ሲያስበው አድሮ አልደረሰበትም።

ሲወጣ ሂክማ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ምን አሉህ አላለችውም። እሷን ለብቻዋ አስገቧት። ነስሮ በሩ ላይ ጆሮውን እንዳይጥል ራሱን እየጎተተ ወደ ጓሮው ሄዶ የማያውቃቸውን የጥበቃ ውሾች እያየ ቆመ። ሲመለስ ጉዳዩ አልቆ ነበር። መምህሩ በሁለቱ ቀን ሌላ ፈተና ያወጣል። ሂክማ ትፈተናለች፤ ግን ከጓደኞቿ ጋር አይደለም፣ በፈተና ክፍል ወይዘሮ ብርነሽ ፊት ተቀምጣ። ወረቀቷ ይታረም አይታረም ዲኑ አስቦበት ሰኞ ይወስናል። ማሽኖቹን ከድሬዳዋ የሚመጣ ሌላ ቴክኒሻን ይረከባቸዋል። ነስሮ ከዛሬ ጀምሮ ግቢው ውስጥ አይገባም።

ሰኞ ጠዋት ልጁን እስከ በሩ ሸኝቶ ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰውዬ ተቀመጥ አለው፤ አልተቀመጠም። ሌላ ቢሮ ደውሎ ድራይቨሩ አማርኛውን አበላሸብን ቢለው፣ ከሰዓት እመጣለሁ አለና የቱ ቢሮ እንደሆነ ወዲያው ረሳው። የሚያስበው ስለ ወረቀቷ ነበር። ከሌሎቹ ለይተው ካስቀመጡት ወስነውባታል ማለት ነው። ቀላቅለው ከከተቱት ግን አልቋል፤ ትታረማለች። ይህን ከውጭ ሆኖ የሚያይበት መንገድ የለም።

ተማሪዎቹ መውጣት ጀመሩ። እየተነጫነጩ ነው። ዮዲ ስታየው መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ጋሼ ነስሮ፣ ሰላም ዋሉ? ሂክማን አላየኋትም፤ አዳራሽ ውስጥ አልነበረችም። አሟት ነው?»

አላመማትም፣ ትመጣለች አላት። ዮዲ አጠገቡ ቆማ ስለ ፈተናው ትነግረው ጀመር። እንዲህ ያለ ፈተና አይተው አያውቁም። መምህሩ በዕረፍት ቀን ተቆጥቶ የጻፈው ይመስላል። አንድ ሰው ፈተናውን አስወጥቶ ነው፣ በእሱ ምክንያት ለውጠውት ነው ይባላል። ሁሉም ማን እንደሆነ እየጠየቀ ነው።

ሂክማ ከሁሉም በኋላ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ፊቷን አይቶ ምንም ሊያነብ አልቻለም። ቀርባ በቀጥታ ለእሱ ተናገረች።

«ዲኑ መጥተው ለእትዬ ብርነሽ አንድ ነገር ነገሯቸው። እትዬ ብርነሽ ወረቀቴን ከሌሎቹ ወረቀት መሀል አስገቡትና ፖስታውን አሸጉት። እያየሁ።»

ነስሮ የሱቁን ግድግዳ ተደገፈ። እንዴት ነበር ብሎ ጠየቃት፤ ከባድ ነበር አለች። የምታልፍ ይመስልሻል አላላትም።

ዮዲ ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው ስታይ ቆይታ፣ «የት ነው ተቀምጠሽ የተፈተንሽው?» አለች። «የምን ፖስታ ነው?»

ነስሮ፣ አሁን ደክሟታል፣ በኋላ ትነግርሻለች ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ሂክማ ቀደመችው።

«ፈተና ክፍል ነበርኩ። ያ ወረቀት የገባው እኔ እጅ ነው፣ ዮዲ። ዓርብ ላንቺ ልደውል ነበር።»

ከግቢው በር ላይ ሌሎቹ ተማሪዎች የዮዲን ስም ይጠራሉ፤ ወደ እነሱ አየች፣ ተመልሳ ሂክማን አየች። ነስሮ ሁለቱን ትቶ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ምን እንደሚባባሉ አልሰማም። ዮዲ ብዙ ትናገራለች፤ አንድ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ሂክማ አንገቷን አልደፋችም። የሚጠሯት ተማሪዎች ሲሰለቻቸው መንገድ ጀመሩ። ዮዲ አልተከተለቻቸውም፤ ወደ ሂክማም አልተጠጋችም፤ እዚያው ቆማ ቀረች።